ቶስካና፣ ኡምብሪያ ወይስ ፑልያ? ስምንት ሆኖ ቪላ ለሚከራይ ቤተሰብ

ጥያቄ፦ “የምኖረው ሙኒክ ነው። እኔና ባለቤቴ ከ3 እና ከ7 ዓመት ልጆቻችን ጋር፣ ለንደን ያለው ወንድሜ ከሚስቱና ከ13 ዓመት ልጁ ጋር፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ የምትመጣው እናታችን ሆነን በኦገስት ሁለተኛ ሳምንት ጣሊያን ገጠር ውስጥ ቪላ ለመከራየት አስበናል። እናቴ 74 ዓመቷ ነው፤ ጉልበቷን ያማታል። ወንድሜ ‘ቶስካና ሁሉም ነገር አለው፤ እዚያው ሆነን ፍሎረንስንም፣ ሮምንም፣ ባሕሩንም እናያለን’ ይላል። ባለቤቴ ኡምብሪያ ጸጥ ያለና ዋጋውም የሚሻል ነው ብሎ ሰምቷል። እኔ ፑልያን ወድጄዋለሁ፤ ነገር ግን ደቡብ ስለሆነ ሙቀቱ እናቴንና ትንሿን ልጄን ይጎዳል ብዬ ፈራሁ። የመዋኛ ገንዳ የግድ እንዲኖረው ተስማምተናል። የእናቴን ቪዛ በጣሊያን ኤምባሲ በኩል ልንጠይቅ ነው፤ ከጣሊያን በኋላ እኔ ዘንድ ሁለት ወር ትቆያለች። የትኛውን እንምረጥ?”

ምላሽ፦ ከወንድምዎ ሐሳብ ልነሣ፤ ብዙ ቤተሰብ የሚሳሳተው እዚያ ላይ ነውና። ቶስካና ሁሉም ነገር አለው መባሉ እውነት ነው። ሁሉም ነገር ከአንድ ቪላ ደጃፍ ይገኛል ማለት ግን አይደለም። በፎቶ የምናውቃቸው፣ የፈረንጅ ጥድ የተሰለፈባቸው ኮረብታዎች በአብዛኛው ወይ በፍሎረንስና በሲዬና መካከል ባለው ኪያንቲ ውስጥ፣ ወይ ከሲዬና በስተደቡብ ባለው ቫል ዶርቻ ውስጥ ናቸው። ከኪያንቲ መሐል እስከ ፍሎረንስ ያለው ርቀት ሃምሳ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፤ መንገዱ ግን ከኮረብታ ኮረብታ ስለሚጠማዘዝ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እስከ ባሕሩ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ እስከ ሮም ደግሞ ከሁለት ሰዓት ተኩል በላይ ነው። የሦስት ዓመት ልጅ ከኋላ ታስራ፣ እናትዎ ጉልበታቸውን መዘርጋት አቅቷቸው፣ ሄዶ መመለሱ ተደምሮ ሲታይ የሮም ጉዞ ቀኑን ሙሉ መኪና ውስጥ መዋል ማለት ነው።

ከዚህ በላይ ደግሞ የፍሎረንስ፣ የሲዬና፣ የፒሳና የሉካ መሐል ከተማዎች ፈቃድ ከሌላቸው መኪናዎች የተከለሉ ናቸው። መግቢያው ላይ በቀይ ክብ የተከበበ ነጭ ምልክት ይቆማል፤ ካሜራው ታርጋዎን ይይዛል፤ ቅጣቱ ከወራት በኋላ መኪናውን ባከራየው ድርጅት በኩል ቤትዎ ይደርሳል፤ ድርጅቱም የራሱን የአገልግሎት ክፍያ ይጨምርበታል።

ትልቁ ጉዳይ ግን ርቀቱ አይደለም፤ ደረጃው ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ኪያንቲ ውስጥ ለዘጠኝ ሰው ቤተሰብ አንድ ቪላ አስይዤ ነበር። የገንዳውን ውበት አየሁ፤ ደረጃውን አልቆጠርሁም። ከመኪና ማቆሚያው እስከ ወጥ ቤቱ 11፣ ከወጥ ቤቱ እስከ ገንዳው 23 የድንጋይ ደረጃ ነበረው፤ መደገፊያም አልነበረውም። አያታቸው የመጀመሪያውን ቀን እንደምንም ወረዱ፤ ሲመለሱ ሁለት ጊዜ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አረፉ። የቀሩትን ስድስት ቀናት ላይኛው በረንዳ ላይ ተቀምጠው የልጅ ልጆቻቸው ሲዋኙ ከሩቅ አዩ። ቤተሰቡ አመስግኖኝ ነው የተለያየነው፤ እኔ ግን ያቺን ወንበር እስከ ዛሬ አልረሳትም። ከዚያ ወዲህ የትኛውንም ቤት ከማስያዜ በፊት አከራዩ ስልኩን ይዞ ከመኪና ማቆሚያው እስከ አልጋው፣ ከአልጋው እስከ መታጠቢያ ቤቱ፣ ከዚያም እስከ ገንዳው እየተራመደ በቪዲዮ እንዲያሳየኝ እጠይቃለሁ። የቶስካናና የኡምብሪያ የገጠር ቤቶች አብዛኞቹ በኮረብታ ወገብ ላይ የተሠሩ የድሮ ባለ ፎቅ ቤቶች ናቸው። ድሮ ታችኛው ክፍል ለከብት፣ ላይኛው ለሰው ነበር። ዛሬም መኝታ ቤቶቹ በአብዛኛው ፎቅ ላይ ናቸው። ስለዚህ እርስዎ ክልል መምረጥ የሚጀምሩት ከመልክዓ ምድሩ ሳይሆን ከእናትዎ ጉልበት ነው።

ስለ ሙቀቱ ያለዎት ፍርሃት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ወደ ሰሜን በመሸሽ አይፈታም። ፍሎረንስ በበጋ እጅግ ከሚሞቁት የጣሊያን ከተሞች አንዷ ናት፤ በኮረብታዎች በተከበበ ረባዳ ስፍራ ላይ ስላለች የሞቀው አየር እዚያው ይታቆራል። በኦገስት ሦስቱም ክልሎች ውስጥ 35 ዲግሪ የሚደርስና ከዚያም የሚያልፍ ቀን ያጋጥማል። ፑልያ በአድሪያቲክና በአዮንያ ባሕር መካከል የተዘረጋ ጠባብ ምድር ስለሆነ ነፋስ አይለየውም። የሰሜኑ ነፋስ ትራሞንታና ሲነፍስ ቀኑ ቀለል ይላል፤ ከአፍሪካ በኩል የሚመጣው ሺሮኮ ሲነሣ ደግሞ አየሩ ይከብዳል፣ ሰውነትም ይዝላል። ልዩነት የሚያመጣው ከፍታው ነው። የፑልያ ባሕር ዳርና ከሌቼ ከተማ በስተደቡብ ያለው ሜዳ ሌሊቱንም ሲሞቅ ያድራል፤ ማርቲና ፍራንካና ሎኮሮቶንዶ የሚባሉት ከተሞች ያሉበት አምባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 400 ሜትር ገደማ ስለሆነ ማታ ማታ ይነፍስበታል። የእርስዎ ቤት እዚያ ላይ መሆን አለበት።

ኡምብሪያን በአጭሩ ልለፈው። ባለቤትዎ የሰሙት ልክ ነው፤ ከኪያንቲ ይልቅ ጸጥ ያለና በጥቅሉ ዋጋው የሚቀንስ ነው። ባሕር ግን የለውም። ለልጆች የሚሆነው ውኃ የትራዚሜኖ ሐይቅ ነው። 128 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ቢኖረውም ጥልቀቱ ስድስት ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ለትንንሽ ልጆች ይስማማል። ሆኖም ዳርቻው ቄጠማ ይበዛበታል፣ ሲመሽ ትንኙ አያስቀምጥም፣ በቅርብ ዓመታት ደግሞ ውኃው በጣም ሸሽቷል። አሲዚና ኦርቪዬቶ የሚያማምሩ ከተሞች ናቸው፤ ግን ሁለቱም ኮረብታ ላይ ናቸው። ሁለት ጎልማሶች በሜይ ወር ቢሄዱ ዐይኔን ሳላሽ ኡምብሪያን እመክራለሁ። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናትና ለ13 ዓመት ልጅ ግን አልመክርም።

ለእርስዎ ቤተሰብ የሚሆነው ፑልያ ነው፤ እዚያም ቫሌ ዲትሪያ የሚባለው፣ በሎኮሮቶንዶ፣ በቺስተርኒኖና በኦስቱኒ መካከል ያለው ገጠር። አምባው ላይ አንዴ ከወጡ ምድሩ ገር ነው። በየማሳው ዙሪያ የድንጋይ ካብ፣ በካቡ ውስጥ ወይራና ወይን፣ በመሐሉ ጣሪያቸው እንደ ባርኔጣ የሾጠጠ ነጫጭ የድንጋይ ቤቶች ያያሉ። እነዚህ ትሩሎ የሚባሉት ቤቶች ናቸው፤ አልቤሮቤሎ የምትባለው ከተማ በእነሱ ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1996 በዩኔስኮ መዝገብ ገብታለች። ቤቶቹ የሚሠሩት ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተካበ ነው፤ ግድግዳቸው ወፍራም ስለሆነ ቀን ቀን ቀዝቃዛ ናቸው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ፎቅ የሌላቸው ናቸው።

ነገር ግን በፎቶው ውበት ተስበው ሙሉ ትሩሎ እንዳይከራዩ። በሩ ዝቅ ያለ፣ መስኮቱ ጠባብ ነው፤ አልጋው ብዙ ጊዜ ግድግዳው ውስጥ ጎድጎድ ባለ ቦታ ላይ ነው፤ ከክፍል ወደ ክፍል የሚያሳልፈው ቅስት ብዙውን ጊዜ በመጋረጃ እንጂ በበር አይዘጋም። ስምንት ሰው ሰባት ሌሊት ሙሉ ያለ በር ሲያድር ምን እንደሚመስል ያስቡት። የሚሻለው ላሚያ የሚሉት፣ ጣሪያው ከላይ ጠፍጣፋ፣ ከውስጥ ደፈን ያለ ቅስት የሆነው የገጠር ቤት ነው፤ ወይም ማሴሪያ ከሚባሉት የድሮ ትልልቅ የእርሻ ግቢዎች አንዱ። ግቢው ውስጥ አንድ ትሩሎ ካለ ለ13 ዓመቱ ልጅ ይሁንለት፤ ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎት ይከርማል።

ባሕሩ ከቺስተርኒኖ ወደ ታች ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ለትንሿ ልጅ ቶሬ ካኔ አካባቢ ያለውን አሸዋማ ዳርቻ ይፈልጉ፤ ወደ ሰሜን ፖሊኛኖ በኩል ያለው የባሕር ዳር ድንጋያማ ነው፤ ለፎቶ እንጂ ለሕፃን አይሆንም። የጃንጥላና የወንበር ኪራይ የሚያስከፍሉ ዳርቻዎች አሉ፤ በነጻ የሚገባባቸውም አሉ። ለእናትዎ ጥላና መጸዳጃ ቤት ስለሚያስፈልጋቸው እዚህ ላይ ገንዘብ አይቆጥቡ። ሙቀቱ ካየለ የካስቴላና ዋሻዎች ቅርብ ናቸው፤ ውስጡ ዓመቱን ሙሉ ቀዝቃዛ ነው። መውረጃው ግን ደረጃ ነው፤ እዚያ ልጆቹን ይዞ አጎታቸው ይሂድ። እናትዎን ደግሞ አንድ ጧት ባሪ ይውሰዷቸው። የቅዱስ ኒቆላዎስ ዐፅም በ1087 ከትንሿ እስያ የመጣው ወደዚያ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ የካቶሊክ ቢሆንም ከየአገሩ የሚመጡ ኦርቶዶክሳውያን ምእመናን ይሳለሙታል። መቃብሩ ያለበት ምድር ቤት ጥቂት ደረጃ አለውና ቀስ ብለው ደግፈው ያውርዷቸው።

አሁን ወደ ቀኑ። የኦገስት ሁለተኛ ሳምንትን ይተዉት። ኦገስት 15 ጣሊያኖች ፌራጎስቶ የሚሉት ትልቅ በዓል ነው፤ በዙሪያው ባሉት ሳምንታት አገር በሙሉ ባሕር ዳር ይሰፍራል፣ ዋጋው ጣሪያ ይነካል፣ የምግብ ቤት ወንበር አይገኝም። ሌላው ደግሞ እርስዎ በጥያቄዎ ያላነሡት ነው። ያ ሳምንት ፍልሰታ ነው፤ ጾሙ የሚፈታው ነሐሴ 16፣ ማለትም ኦገስት 22 ነው። እናትዎ የሚጾሙ ከሆነ በዚያ ሙቀት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይጠጡ መዋል ለ74 ዓመት ሰው አደጋ አለው፤ እርሳቸውም ለሽርሽር ብለው ጾማቸውን አይፈቱም። የባቫሪያ ትምህርት ቤቶች እስከ ሴፕቴምበር አጋማሽ ዝግ ናቸው፤ የወንድምዎ ልጅ ትምህርት ቤት ግን ሴፕቴምበር እንደገባ ይከፈታል። ሁለቱን የሚያስታርቀው ከኦገስት 22 ጀምሮ ያለው የመጀመሪያው የቅዳሜ ለቅዳሜ ሳምንት ነው። የገጠር ቪላ በበጋ የሚከራየው በአብዛኛው ከቅዳሜ እስከ ቅዳሜ ስለሆነ ይህን ሳምንት ቀደም ብለው ይያዙ። ቀኑን ማዛወር ፈጽሞ ካልተቻለ ደግሞ፣ ለጾመኛ ከሦስቱ ክልሎች የሚመቸው አሁንም ፑልያ ነው። የአገሬው ምግብ የተከካ ባቄላ ተፈጭቶ ከመራራ ቅጠል ጋር፣ ሽምብራ፣ እንቁላል የሌለበት የስንዴ ፓስታና የወይራ ዘይት ነው። ገበሬው ለዘመናት የኖረበት ምግብ ስለሆነ በየትኛውም መንደር ያገኙታል።

ከሙኒክ በመኪና እንሂድ እንዳይሉ። ቶስካና ቢሆን ኖሮ 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር፤ ፑልያ ከ1,200 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ወደ ጣሊያን የሚያሳልፈው የብሬነር የተራራ መተላለፊያም በኦገስት ቅዳሜዎች እንደ ሰንበቴ ደጃፍ የተጨናነቀ ነው። ወደ ባሪ ወይም ወደ ብሪንዲዚ ይብረሩ፤ ሁለቱም ከቤቱ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ናቸው። እዚያ ሲደርሱ አንድ ባለ ዘጠኝ ወንበር መኪና ሳይሆን ሁለት ትንንሽ መኪናዎች ይከራዩ። በካብ የታጠሩት የገጠር መንገዶች ሁለት መኪና የማያሳልፉ ናቸው፤ አንዱ ወደ ኋላ መመለስ ሊኖርበት ይችላል። ሁለት መኪና ካለ ደግሞ እናትዎ ሲደክማቸው ሌላው ሰው ጉዞውን ሳያቋርጥ እርሳቸውን ወደ ቤት የሚመልስ ይኖራል። በጣሊያን ሕግ ቁመታቸው ከ150 ሴንቲ ሜትር በታች የሆኑ ልጆች ሁሉ የልጅ መቀመጫ ያስፈልጋቸዋል፤ ስለዚህ የ7 ዓመቱንም ይቁጠሩት።

ቤቱን ሲመርጡ በማስታወቂያው ላይ የማይጻፉትን ነገሮች ይጠይቁ። መጀመሪያ ስለ መብራት። የጣሊያን መኖሪያ ቤት የተለመደው የኤሌክትሪክ ኃይል 3 ኪሎ ዋት ነው። ሁለት አየር ማቀዝቀዣ፣ ምድጃና ልብስ ማጠቢያ አንድ ላይ ሲሠሩ ቆጣሪው ይዘጋል፤ ቆጣሪው ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው ቤቱ ውስጥ ሳይሆን መንገድ ዳር በሩ አጠገብ ነው። እራት ምድጃ ላይ እያለ አንድ ሰው የስልክ ባትሪ አብርቶ በጨለማ ሲሮጥ ደጋግሜ አይቻለሁ። ለስምንት ሰው ከ6 ኪሎ ዋት በታች የሆነ ቤት አይውሰዱ፤ አየር ማቀዝቀዣው በእያንዳንዱ መኝታ ክፍል መኖሩን፣ ፍጆታው ከኪራዩ ውጭ የሚከፈል መሆን አለመሆኑንም በጽሑፍ ይጠይቁ። ቀጥሎ ስለ ውኃ። በዚያ ገጠር ብዙ ቤት የሚጠቀመው ከጉድጓድ ማጠራቀሚያ ነው፤ በበጋም በቦቴ ይሞላል። ማጠራቀሚያው ስንት ሊትር እንደሚይዝና ካለቀ ማን እንደሚያስሞላው ይወቁ። ለመጠጥ የታሸገ ውኃ ይግዙ።

ስለ ገንዳው ጠንከር ብዬ መናገር አለብኝ። “ገንዳ የግድ” ብላችኋል፤ እኔ ደግሞ “አጥር የግድ” እላለሁ። ፈረንሳይ በ2003 ባወጣችው ሕግ የግል ገንዳዎች የደኅንነት መከላከያ እንዲኖራቸው ታስገድዳለች፤ በጣሊያን ገጠር ግን ከበረንዳው ጋር እኩል የተነጠፈ፣ ምንም አጥር የሌለው ገንዳ በየቦታው ያጋጥምዎታል። ሕፃን ልጅ ውኃ ውስጥ ስትሰጥም አትጮኽም፤ ድምፅ የለውም። አጥር ያለው ቤት ይፈልጉ፤ ካልተገኘ ተነቃይ አጥር እንዲተከል ከአከራዩ ጋር በውሉ ላይ ይስማሙ፤ እምቢ ካለ ቤቱን ይተዉት። አጥር ቢኖርም ከእናትዎ ውጭ ካሉት አራት ዐዋቂዎች አንዱ በተራ፣ ስልኩን አስቀምጦ፣ ገንዳው ዳር ይቀመጥ። ሁሉም ሰው በአካባቢው ሲኖር ማንም አይጠብቅም፤ አደጋ የሚደርሰውም ያን ጊዜ ነው።

ቡና ማፍላታችሁ እንደማይቀር ስለማውቅ ይህንንም ልበል፦ ከሰል ቤት ውስጥ አታያይዙ። ትሩሎ ጠባብ መስኮት ያለው ድንጋይ ቤት ነው፤ የከሰል ጢስ የሚገድል ጋዝ አለው፣ ሽታም የለውም። ውጭ ለማያያዝም በበጋ የእሳት አደጋ ወቅት ስለሆነ አከራዩን አስቀድመው ያስፈቅዱ። በወጥ ቤቱ ምድጃ ላይ የፈላ ቡና ይበቃል፤ ዕጣኑም ለአንድ ሳምንት ይቅር።

የእናትዎ ቪዛ ላይ የያዙት ሐሳብ የተሳሳተ ነው። የሸንገን ቪዛ የሚጠየቀው ረዘም ያለ ጊዜ ከሚቆዩበት አገር ነው። እናትዎ ጣሊያን አንድ ሳምንት፣ ጀርመን ሁለት ወር ስለሚቆዩ ማመልከቻው ለጀርመን ነው። ከጉዞው በፊት ባሉት ስድስት ወራት ውስጥ ማመልከት ይቻላል፤ የጉዞ ሕክምና ኢንሹራንሱም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ወረፋው ስለሚረዝም የመጀመሪያውን ሳምንት አያሳልፉ። መጀመሪያ ሙኒክ ይምጡ፤ ዐሥር ቀን አርፈው ከእናንተ ጋር ወደ ፑልያ ይብረሩ። ብቻቸውን ጣሊያን አውሮፕላን ማረፊያ ላይ በረራ እንዲቀይሩ አያድርጉ።

ቪዛው እስኪወጣ ድረስ ተመላሽ የማይሆን ክፍያ አይክፈሉ። ቀብድ ሲከፍሉ እስከ መቼ ቢሰርዙ ምን ያህል እንደሚመለስልዎት በውሉ ላይ ይጻፍ። ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ ጣሊያን ውስጥ ለአጭር ጊዜ የሚከራይ ቤት ሁሉ በማስታወቂያው ላይ የሚወጣ ብሔራዊ መለያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል፤ ቁጥሩን ሊሰጥዎ ያልፈለገ አከራይ ጋር ንግግሩን እዚያው ያቁሙ። በግል የባንክ ሒሳብ ላክና ዋጋ እቀንሳለሁ የሚልም እንዲሁ። አከራዩ እንደ ደረሳችሁ የሁላችሁንም ፓስፖርት ይጠይቃል፤ ለፖሊስ ማስታወቅ ግዴታው ስለሆነ አትደንግጡ። ከኪራዩ በተጨማሪ የጽዳት፣ የአንሶላና ማዘጋጃ ቤቱ በሰውና በሌሊት ቆጥሮ የሚያስከፍለው የእንግዳ ግብር አለ፤ ዋጋ ሲያወዳድሩ እነዚህን ደምረው ያወዳድሩ።

ወንድምዎ ከቶስካና ውጭ አልሄድም ካለ፣ ኪያንቲን ትቶ የሉካን ሜዳ ይቀበል። ሉካ ደልዳላ ከተማ ናት፤ አራት ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የግንቧ ዙሪያ ከላይ ሰፊና ዛፍ የተተከለበት ስለሆነ ልጆች ብስክሌት ይነዱበታል፣ እናትዎም በየአግዳሚ ወንበሩ እያረፉ ይንሸራሸሩበታል። ፒሳ ቅርብ ናት፣ የቪያሬጆ አሸዋማ ባሕር ዳር ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፣ ፍሎረንስም በባቡር ይደረሳል። ምርጫዬ ግን ቫሌ ዲትሪያ ነው። ፍለጋውን በመኸር ይጀምሩ፤ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ ድረስ ሁሉም ክፍል ምድር ላይ የሆነ፣ ገንዳው የታጠረ፣ 6 ኪሎ ዋት ያለው ቤት በዚያ ሳምንት ካላገኙ፣ ደረጃ ያለውን ቤት ከመቀበል ይልቅ ወደ ሉካ ይዙሩ።